ኢብኑ ሲና፦ ሕመምን ማደንዘዝ እና መፈወስ



በዚህ እትም የምናስታውሰው ሐኪሙን አቡ ዐሊ አል-ሑሰይን ኢብኑ ሲናን ነው። ምዕራባውያን አቪሴና ይሏቸዋል። የተወለዱት በ370 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 980) ቡኻራ አጠገብ በምትገኝ አፍሸና በተባለች መንደር ነው። ቁርኣንን በ10 ዓመታቸው አጠናቀቁ። ጥያቄ ሲከብዳቸው ወደ መስጂድ ሄደው እየሰገዱ አላህ እንዲገልጥላቸው ይለምኑ እንደነበር ራሳቸው ጽፈዋል። ገና 18 ዓመት ሳይሞላቸው የቡኻራውን አሚር ኑሕ ኢብኑ መንሱርን በማከም ተሳትፈው፣ የቤተ መንግሥቱ ቤተ መጻሕፍት ተከፈተላቸው።

ኑሯቸው ግን የተረጋጋ አልነበረም። በሐመዳን ወዚር ሆነው ሳለ ወታደሩ አምጾ ቤታቸውን ዘረፈ፤ በኋላም ለአራት ወራት ያህል በምሽግ ታሰሩ። በዚህ ሁሉ መሐል ባለ አምስት ክፍሉን አል-ቃኑን ፊ-ጢብ ጻፉ። መጽሐፉ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ተተርጉሞ፣ በአውሮፓ ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ማስተማሪያ ነበር። በፍልስፍናቸው ኢማም አል-ገዛሊን የመሰሉ ዑለማዎች አጥብቀው ተችተዋቸዋል፤ እኛ እዚህ የምናነሳው ሕክምናቸውን ነው።

ኢብኑ ሲና የሕመም ማስታገሻዎችን ለያዩ። አንዳንዱ የሕመሙን መንስኤ ያስወግዳል፤ አንዳንዱ ስሜትን ብቻ ያደነዝዛል። እውነተኛው ማስታገሻ መንስኤውን የሚያስወግደው ነው አሉ። ከሚያደነዝዙት ሁሉ ብርቱው ደግሞ በዐረብኛ አፍዩን የሚባለው ኦፒየም መሆኑን ጻፉ። ከ800 ዓመት ገደማ በኋላ ሞርፊን የተገኘው ከዚሁ ኦፒየም ነው።

ስለ ነርቭም አሻራ ትተዋል። በጥንት ዘመን ነርቭና ጅማት በቅጡ አይለዩም ነበር፤ ብዙ ሐኪሞችም ነርቭን በመርፌ መንካት ይፈሩ ነበር። የተቆረጠ ነርቭ ጫፍና ጫፉ ተገናኝቶ እንዲሰፋ ከመከሩት ቀደምት ሐኪሞች መካከል የእሳቸው ስም ይጠራል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በለገጣፎ፣ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ስንት ወንድሞቻችን በግንባታና በፋብሪካ ይሠራሉ! ቆርቆሮ ወይም መስታወት እጅን ሲቆርጥ ነርቭም አብሮ ሊቆረጥ ይችላል። ቁስሉ ድኖ ሕመሙ ጠፍቶ እንኳ ጣት ከደነዘዘ ወይም አልታዘዝ ካለ፣ ሳይዘገዩ ለቀዶ ሐኪም ማሳየት ያስፈልጋል። የተሰፋ ነርቭ የሚያድገው በቀን 1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከእጅ አንጓ እስከ ጣት ጫፍ ለመድረስ ወራት ይፈጃል። ማስታገሻ እነዚያን ወራት ለማለፍ ያግዝ ይሆናል፤ የተቆረጠውን ግን አይቀጥልም።

የኢብኑ ሲና መጨረሻም ትምህርት አለው። ተማሪያቸው አል-ጁዝጃኒ እንደዘገቡት፣ በከባድ የሆድ ቁርጠት ታመው ሳለ ገንዘባቸውን የሰረቁ አገልጋዮች እንዳይጠየቁ ፈርተው በመድኃኒታቸው ውስጥ ብዙ ኦፒየም ጨመሩባቸው። ሕመሙ እየተመላለሰ አዳከማቸው። ኢብኑ ኸሊካን እንደሚተርኩት፣ ሞት መቅረቡን ሲያውቁ ተውበት አደረጉ፤ ያላቸውን ለድሆች ሰጡ፤ የበደሉትን ካሱ፤ ባሮቻቸውን ነፃ አወጡ፤ በየሦስት ቀኑም ቁርኣንን ያኸትሙ ነበር። በረመዳን 428 ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 1037) በሐመዳን አረፉ።

ያው ኦፒየም በሐኪም እጅ እፎይታ፣ አማና ባጎደለ እጅ ጥፋት ሆነ። በካንሰር ለሚሰቃይ ሰው ሐኪሙ ያዘዘለት ሞርፊን ራሕመት ነው፤ እሱን መንፈግ ግፍ ነው። ለፈተና ጭንቀት ወይም ለድብርት ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚዋጥ ትራማዶል ግን ያው የኦፒየም ዘመድ ነው፤ ጭንቀቱን ያደነዝዛል እንጂ መንስኤውን አይነካም። በዚህ የተያዘ ጓደኛ ካለን አናሸማቅቀው፤ ወደ ሐኪም አብረነው እንሂድ። ነገ ሐኪም፣ ነርስና ፋርማሲስት የምትሆኑ ወገኖቻችንም ይህን አማና አደራ!

አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን። አሚን።