ጆሴፍ ብራማ፤ ፈሳሽን በግፊት ያዘዘ መካኒክ

ፈሳሽ ነገርን ማፍሰስ ማንም ይችላል፤ ፈሳሹ በተፈለገ ሰዓት፣ በተፈለገው መጠን፣ ወደ ተፈለገበት ስፍራ ብቻ እንዲሄድ አድርጎ መያዝ ግን የመካኒክነት ሙያ ከተሸከማቸው ከባድ ጥያቄዎች አንዱ ሆኖ ኖሯል። ለዚህ ጥያቄ ዕድሜያቸውን ከሰጡት ሰዎች መካከል እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ ከፊተኞቹ ይቆጠራል። በሙያው ሰዎች ዘንድ ስሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከሐይድሮሊክ መጭመቂያ ጋር ነው። ነገር ግን ከመጭመቂያው ሁለት ዓመት በኋላ ስለ ቢራ አቀዳድ ያስመዘገበው ፈጠራ፣ ዛሬ በየቤታቸው ጠምቀው ከትንሽ በርሜል ለሚቀዱ ሰዎች እንኳ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብራማ በ1748 በዮርክሺር፣ ስቴንቦሮ በተባለ ስፍራ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። እንደ አባቱ ዕርፍ ጨብጦ እንዲኖር ታስቦ ሳለ፣ በ16 ዓመቱ ገደማ እግሩን ጉዳት ስላገኘው የእርሻ ሥራ የማይሆንለት ሆነ። ስለዚህ ሙያ እንዲማር ለመንደሩ አናጺ ተሰጠ። ያ ጉዳት ባይደርስበት ኖሮ ስሙን የሚያውቀው ምናልባት የደብሩ መዝገብ ብቻ ይሆን ነበር። የተማሪነት ዘመኑን ከፈጸመ በኋላ ወደ ሎንዶን ሄዶ በቤት ዕቃ አናጺነት ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ አሌክሳንደር ከሚንግ የተባለው ሰዓት ሠሪ በ1775 የፈጠራ መብት ያገኘበት፣ በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃ በሀብታሞች ቤት መተከል ጀምሮ ነበር። ብራማም ይህን መጸዳጃ እየዞረ ሲተክል፣ የሥሩ መዝጊያ ተንሸራታች በመሆኑ በብርድ ወራት ውሃው እየረጋ እንደሚያስቸግር ተመለከተ። ተንሸራታቹን አስወግዶ በማጠፊያ የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን አደረገበት፤ በ1778ም በስሙ አስመዘገበው። ነገሩ ጥቃቅን ይመስላል። ሆኖም የኋላ ሥራው ሁሉ መነሻ በዚህ ይታያል፤ ብራማ አንድ መሣሪያ የሚበላሸው በመዝጊያው በኩል መሆኑን ቀድሞ የሚያይ ዐይን ነበረው።

ከመዝጊያ ወደ ቁልፍ መሻገሩም የሚያስገርም አይደለም። በ1784 የፈጠራ መብት ያገኘበት ጓጉንቸር፣ መክፈቻው ጫፉ ላይ ልዩ ልዩ ጥልቀት ያላቸው ጎድጎዶች የተበጁበት ሲሊንደር ሲሆን፣ በውስጡ ያሉት ተንሸራታች ቅጠሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከየልካቸው ካልደረሱ አይከፈትም። ችግሩ ሥራውን በእጅ ሞርዶ ማዳረስ አለመቻሉ ነበር። በ1789 ብራማ በዉልዊች የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ያደገ ሄንሪ ሞድስሌይ የሚባል የ18 ዓመት ወጣት ቀጠረ። ሞድስሌይም የጓጉንቸሩን ክፍሎች በትክክለኛ ልክ የሚያወጡ መሣሪያዎች ሠራ፤ ብዙ ሳይቆይም የሥራ ቤቱ ኃላፊ ሆነ።

በ1795 የመጣው የሐይድሮሊክ መጭመቂያ ነው። መሠረተ ሐሳቡ የፈረንሳዊው የፓስካል ነው፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ባለ ፈሳሽ ላይ የሚያርፍ ግፊት በየአቅጣጫው እኩል ይደርሳል። ዲያሜትሩ 1 ሴንቲሜትር የሆነ ትንሽ ፒስተን ውሃውን ሲገፋ፣ በሌላው ጫፍ ያለው ዲያሜትሩ 20 ሴንቲሜትር የሆነ ፒስተን የ400 እጥፍ ኃይል ያገኛል። ፓስካል ይህን ካስረዳ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎ ነበር፤ ሐሳቡን ወደ ሥራ ማዋል ያልተቻለው ማንም ስላላሰበው አልነበረም። ፒስተኑ በሚያልፍበት ቀዳዳ ዙሪያ ውሃው እየፈነጠቀ ያመልጣል። እንዳያመልጥ ተብሎ ማሸጊያው በብርቱ ሲጠብቅ ደግሞ ፒስተኑ ተጣብቆ ሲጭን ይውላል እንጂ መመለስ ያቅተዋል።

ይህን የፈታው ከቆዳ የተበጀ አንገትጌ ነበር። ቆዳው ተቆልምሞ ሆዱ ወደ ውሃው እንዲዞር ይደረጋል። ግፊቱ ሲበረታ ከንፈሩን ከፒስተኑ ጋር ያጣብቀዋል፤ ግፊቱ ሲቀር ራሱ ይላላል። ሊያመልጥ የሚታገለው ውሃ የራሱ በር ጠባቂ ሆነ ማለት ነው። ይህን ያሰበው ሞድስሌይ እንደ ነበረ፣ በኋላ ዘመን ከእርሱ ጋር የሠራው ጄምስ ናስሚዝ መስክሯል። መጭመቂያው ግን ዛሬም በብራማ ስም ይጠራል።

በፈጠራ መብት ረገድ ብራማ ለራሱ አንድ ሚዛን፣ ለሌላው ሌላ ሚዛን የነበረው ይመስላል። በ1796 የቦልተንና ዋት ኩባንያ በእንፋሎት ሞተር ጉዳይ ሆርንብሎወርንና ማበርሊን በከሰሰ ጊዜ፣ ብራማ በዋት ላይ መስካሪ ሆኖ ቀረበ። በችሎቱ የተናገረው አልበቃ ብሎት በሚቀጥለው ዓመት ለዳኛው የጻፈውን ረጅም ደብዳቤ አሳትሞ፣ የዋት መግለጫ ግልጽነት የጎደለው ነው ሲል ተከራከረ። በዚያው ዓመት ግን እርሱ ራሱ አዲስ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ ጥያቄውም ማናቸውንም መጠጥ ለመያዝ፣ ለማጥራት፣ ለማቆየትና ለመቅዳት የሚያገለግለውን ዘዴ የሚጠቀልል ነበር። ቢራ ወደ ታሪኩ የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

በሎንዶን መጠጥ ቤቶች በርሜሎቹ የሚቀመጡት ቅዝቃዜ ባለበት ምድር ቤት ሲሆን፣ ጠጪው የሚቀመጠው ላይኛው ቤት ነው። ቀጂው ማንቆርቆሪያ ይዞ ደረጃውን ሲወጣና ሲወርድ ይውላል፤ በመንገድ የሚፈሰውና የሚጠጣውም ቀላል አልነበረም። ቢራን በፓምፕ የመሳብ ሐሳብ አዲስ አልነበረም፤ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በሎንዶን ይኖር የነበረው ሆላንዳዊ ነጋዴ ጆን ሎፍቲንግ ሞክሮታል። ስለዚህ በየመጠጥ ቤቱ መደርደሪያ ላይ የምትታየውን የእጅ ፓምፕ ብራማ ብቻውን እንደ ፈጠራት አድርጎ መናገር ትክክል አይሆንም። የእርሱ ድርሻ ጉዳዩን ከግፊት አንጻር ማየቱ ነው።

የእጅ ፓምፕ ቢራውን ይስባል። የሚወጣው ቢራ ስፍራ ባዶ እንዳይቀር በበርሜሉ አናት በተተወ ቀዳዳ አየር ይገባል፤ አየሩም ቢራውን በጥቂት ቀን ውስጥ ያደክመዋል፣ ያኮመጥጠዋል። አፉ በጭቃ ተመርጎ ሳለ ደኅና የነበረ ጠላ ጋኑ ከተከፈተ በኋላ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው፣ ለዚህ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። በብራማ ሰነድ የተገለጸው ዘዴ ግን በመሳብ ፈንታ መግፋት ነው። በትልቁ በርሜል ውስጥ እንደ ፒስተን የሚወርድ ክዳን በቢራው ላይ ይጋደማል፤ በክዳኑ ላይ ከባድ ሸክም ይጫናል፤ በክብደቱ የተገፋው ቢራ በቧንቧ ሽቅብ ወጥቶ መቅጃው እስኪከፈት ይጠብቃል። ቢራው በጎደለ መጠን ክዳኑ ስለሚወርድ ለአየር የሚተርፍ ስፍራ የለም። የ1795ቱን መጭመቂያ ለሚያውቅ ሰው ይህ የዚያው ዕቃ ወንድም መሆኑ ግልጽ ነው። ይሁንና በመጠጥ ቤቱ የጸናው ርካሹ የእጅ ፓምፕ ሆነ፤ ሸክም የተጫነበትን በርሜል መትከልና ማጽዳት ለመጠጥ ሻጭ የሚመች ሥራ አልነበረም።

በኋላ ዘመን የሸክሙን ቦታ የያዘው ጋዝ ነው። ከብራማ ሰነድ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1803፣ የማንቸስተሩ ዊሊያም ሄንሪ በፈሳሽ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በላዩ ካለው ግፊት ጋር አብሮ እንደሚጨምር አስረዳ። ዛሬ የቤት ጠማቂዎች የሚወዱት 19 ሊትር የሚይዘው፣ በአንድ እጅ የሚነሣው የማይዝግ ብረት በርሜል በዚህ ሕግ ይሠራል። ይህ ዕቃ ኮርኔሊየስ በተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ የለስላሳ መጠጥ ሽሮፕ ማመላለሻ ነበር። በአንድ በኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከላይ ይገባል፤ በሌላው በኩል ቢራው እስከ ታች በሚደርስ ቀጭን ቱቦ ይወጣል። በ3 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቅዝቃዜና ከከባቢ አየር በላይ በ0.8 ባር ያህል ግፊት፣ አንድ ሊትር ቢራ ሁለት ሊትር ተኩል ያህል ጋዝ በውስጡ ይይዛል። ይኸው ግፊት ቢራውን ይገፋል፤ እንዳይደክምም ይጠብቀዋል። ግፊቱ በመቅጃው ላይ በድንገት ሲለቀቅ ግን ብርጭቆው በአረፋ ብቻ ይሞላል። ስለዚህ ውስጡ 5 ሚሊሜትር ያህል የሆነ ቱቦ ሁለት ሦስት ሜትር እንዲረዝም ተደርጎ ግፊቱ በመንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይጠፋል። የዚህ በርሜል ክዳን ሞላላ ሆኖ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገጠማል። ጋዙ በበረታ ቁጥር ክዳኑን ከጎማ ቀለበቱ ጋር አጥብቆ ይዘጋዋል፤ በሞድስሌይ የቆዳ አንገትጌ የታየው ብልኀት ይኸው ነው።

ስለ ቢራ የተጻፈው ሰነድ በወጣበት በ1797 ሞድስሌይ ከሥራ ቤቱ ወጣ። በሳምንት ከ30 ሽልንግ በላይ ያልሆነው ደመወዙ እንዲጨመርለት ጠይቆ፣ ብራማ እንቢ አለው። ባለቤተሰብ ለሆነና ስምንት ዓመት ላገለገለ የሥራ ቤት ኃላፊ ይህ መልስ የንፉግ መልስ ነበር። ሞድስሌይም ዌልስ ስትሪት በተባለ መንገድ የራሱን ሥራ ቤት ከፈተ፤ ጥርስ የሚያወጣ የብሎን ማሽኑንና በፖርትስማውዝ ለባሕር ኃይል መርከቦች መዘውር የሚያመርቱትን መሣሪያዎች የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ናስሚዝና ዊትዎርዝም በእርሱ እጅ አለፉ። ብራማ ጥቂት ሽልንግ አተረፈ፤ በሙያው ታሪክ ታላቁ የመሣሪያ ሠሪ ትምህርት ቤት ግን በሌላ ሰው ስም ተጠራ።

ብራማ ከዚያም በኋላ እጁን አላጠፈም። በ1802 የእንጨት መላጊያ ማሽን፣ በ1806 ለእንግሊዝ ባንክ የገንዘብ ኖት ቁጥር የሚያትም መሣሪያ አበረከተ። በ1814 በሃምፕሺር ሆልት በተባለው ደን ውስጥ መጭመቂያው ዛፍ ከነሥሩ ሲነቅል ቆሞ ሲቆጣጠር ብርድ መታው፤ በታኅሣሥ ወር በ9ኛው ቀን በሎንዶን፣ ፒምሊኮ ዐረፈ። በ1849 በሜናይ ወሽመጥ ላይ የተዘረጋውን የብሪታኒያ ድልድይ ግዙፍ የብረት ቱቦዎች ወደ ላይ ያነሣው የእርሱ የመጭመቂያ ዘዴ ነው።

በፒካዲሊ መንገድ ባለው ሱቁ መስኮት ላይ፣ 18 ተንሸራታች ያለው ጓጉንቸር ለከፈተ ሰው 200 ጊኒ እንደሚሰጥ የሚገልጽ ማስታወቂያ ከ1790 ገደማ ጀምሮ ተሰቅሎ ነበር። በ1851 በሎንዶን ታላቁ ኤግዚቢሽን ላይ የቀረበው አሜሪካዊው ሆብስ፣ በ16 ቀናት ውስጥ 51 ሰዓት ያህል ደክሞ ከፈተው፤ ኩባንያውም ገንዘቡን ከፈለ። ብራማ ከሞተ ያኔ 37 ዓመት ሆኖት ነበር። ጓጉንቸሩ በሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም ይገኛል።