ሺምፐር፦ የሰሜን ተራሮችን አበባ ሲከተል ዕድሜውን በኢትዮጵያ የፈጸመው ጀርመናዊ

ክረምቱ አልፎ ወርኃ ጽጌ ሲገባ የሰሜን ተራሮች ገደልና ሜዳ መልኩን ይለውጣል። በሰላሙ ጊዜ ከደባርቅ ተነሥተው በሳንቃበርና በጨነቅ በኩል ወደ ቧሂት የሚወጡ ፎቶ አንሺዎች የሚያስጨንቃቸው ጥያቄ አንድ ነው፤ የትኛው አበባ፣ በየትኛው ተዳፋት ላይ፣ በየትኛው ሳምንት ይፈካል? ጀርመናዊው የዕፅዋት ሰብሳቢ ጌኦርግ ቪልሄልም ሺምፐር ለዚሁ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ 40 ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ተራሮች ላይ ተመላልሷል። በእጁ የነበረው ግን ካሜራ ሳይሆን የቅጠል ማድረቂያ ወረቀት ነበር።

ሺምፐር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1804 በደቡብ ጀርመን በላውፍ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ለተፈጥሮ ምርምር እንግዳ አልነበረም። ምድር በአንድ ወቅት በበረዶ ተሸፍና ነበር ለሚለው ሐሳብ የበረዶ ዘመን የሚለውን ስያሜ ያወጣው ካርል ፍሪድሪክ ሺምፐር ወንድሙ ነው። ጌኦርግ ግን በወጣትነቱ ወታደር ነበር፤ ወደ ዕፅዋት ዓለም የገባው ዘግይቶ ነው።

የእንጀራ ገመዱ የተያዘው በኤስሊንገን ከተማ በተመሠረተ አንድ የዕፅዋት አሰባሳቢ ማኅበር ነበር። የማኅበሩ አባላት ገንዘብ ያዋጣሉ፤ በዚያ ገንዘብ ተጓዥ ወደ ሩቅ አገር ይላካል፤ ተጓዡ የላከው የደረቀ ተክልም ለአባላቱ በየድርሻቸው ይከፋፈላል። ስለዚህ ሺምፐር ከአንድ ዓይነት ተክል በርካታ ቅጂ መልቀም ነበረበት። አበባው ከረገፈ በኋላ ቢደርስ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ማኅበር በአልጄሪያ፣ በግብፅ፣ በሲና በረሃና በዓረቢያ ካሠራው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ላከው፤ በ1837 ዓድዋ ገባ።

መጀመሪያ ካሰሰባቸው ስፍራዎች አንዱ ከከተማዋ በላይ የቆመው የሰሎዳ ተራራ ነበር። በቀጣዮቹ ዓመታት ደግሞ በሰሜን ገዥው በደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ጥላ ሥር ወደ እንጨትካብና ወደ ቧሂት ወጣ። በእርግጥ በዚያ መንገድ የተጓዘ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተመራማሪ እሱ አልነበረም፤ የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ ቀድሞት አልፏል። ልዩነቱ ሩፔል መንገደኛ መሆኑ ነው። ሺምፐር ግን ቀርቶ ወቅት ሲፈራረቅ አየ።

ከ4,400 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው ቧሂት ላይ መውጣት ማለት በአንድ ቀን በርካታ ዓለማትን ማቋረጥ ነው። ከታች ጥድና ኮሶ፣ ከዚያ የአስታ ጫካ፣ ከዚያ በላይ ጓሳና ጅብራ ይገኛል። ጅብራ ለረጅም ዓመታት አድጎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያብብ፣ ካበበ በኋላም የሚሞት ተክል ነው፤ ያንን ጊዜ ያላገኘ ሰው ዳግም በዚያው ግንድ ላይ አያገኘውም። የተለቀመው አበባ በወረቀት መካከል ተጨፍልቆ ሲደርቅ ቀለሙ ይጠፋል፤ ወረቀቱ ቶሎ ቶሎ ካልተለወጠም ይሻግታል። ስለዚህ ከናሙናው ጋር ተያይዞ የሚሄደው ጽሑፍ፣ ማለትም የተራራው ስምና የተለቀመበት ቀን፣ የአበባውን ያህል ዋጋ ነበረው።

ማኅበሩ በ1840ዎቹ ሲፈርስ የሺምፐር መተዳደሪያ የደጃዝማች ውቤ ቸርነት ሆነ። ደጃዝማቹ በትግራይ የእንጢጮን አውራጃ እንዲያስተዳድር ሰጡት፤ እሱም ትግራዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። በሰሜን ለተሠራው የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥራም እጁን አዋጣ። ውቤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ሆነው ሊቀቡ ተስፋ ነበራቸው። በየካቲት ወር 1855 ግን እዚያው ደረስጌ ላይ በደጃች ካሣ ኃይሉ ድል ሆኑ፤ ከጥቂት ቀናት ልዩነት ጋርም አሸናፊው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ዘውድ የጫኑት በደረስጌ ማርያም ሆነ። ሺምፐር ሹመቱንም ርስቱንም አጣ።

ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፓውያንን ማሰር ሲጀምሩ እሱም ከመቅደላ ግዞተኞች አንዱ ነበር። ነፃ የወጣው በሚያዝያ 1868 የጄኔራል ናፒየር ጦር መቅደላን ሲይዝ ነው። ከዚያ ጦር ጋር የመጡት የእንግሊዝ መሐንዲሶች ካሜራ ይዘው ስለነበር የመንገዳቸውን ተራሮች ፎቶ አንሥተዋል። ሺምፐር በወረቀትና በስም ብቻ ሲመዘግበው የኖረው የደጋ ምድር በፎቶግራፍ ከታየባቸው የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት አንዱ የራሱ እስር ያበቃበት ወቅት መሆኑ አስገራሚ ነው።

ዕድሜው ከ60 ቢያልፍም ወደ አውሮፓ አልተመለሰም። ዓድዋ ገብቶ ኖረ፤ በ1878 እዚያው ሞተ። ስለ ትግራይ ዕፅዋት፣ አፈርና መልክዓ ምድር በጀርመንኛ የጻፈው የእጅ ጽሑፍ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል።

በበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዘክር የነበሩት ናሙናዎች ዕጣ ሌላ ነው። በመጋቢት 1943 ከተማዋ በቦምብ ስትደበደብ ሕንፃው ሲቃጠል ስብስቡ አብዛኛው ነደደ። ከአንድ ዓይነት ብዙ ቅጂ እንዲለቅም ያስገደደው ያ የድርሻ ክፍያ ግን በዚህ ጊዜ ጠቀመ፤ የቀሩት ቅጂዎች በለንደን፣ በፓሪስና በሌሎች ከተሞች ተርፈዋል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሱ ከሞተ ልክ ከ100 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። ቧሂትን፣ እንጨትካብንና ሰሎዳን የሚጠሩት የደበዘዙ ወረቀቶች አሁንም የትኛው አበባ በየትኛው ተራራ፣ በየትኛው ወር ይለቀም እንደነበር ያሳያሉ።