ሐዲስ ዓለማየሁና የሰብለ ወንጌል ጉዳይ

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወለዱ። በጎጃም አድባራት የቤተ ክህነት ትምህርት ከተማሩ በኋላ በአዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ቀሰሙ። በወረራው ዘመን ከልዑል ራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማረኩ፤ በኢጣሊያም ለዓመታት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። የሕግ ባለሙያ ሊያስታውሰው የሚገባ ሌላም ሹመት ነበራቸው፤ ከ1966ቱ አብዮት በፊት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ነበሩ።

በሴት ልጅ ላይ ስለሚደርሰው ግፍ የተዉልን ትልቁ ምስክርነት ግን በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ሰብለ ወንጌልን የበደላት ሽፍታ ወይም ጠላፊ አይደለም፤ የገዛ አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። በዘር ኩራት ተይዘው ለእሷ የሚመጥን ባል የለም እያሉ ዕድሜዋን በቤት አስቈጠሯት፤ በኋላም ለማትወደው ሰው ሊድሯት ቈረጡ። ልጅቱ ከመኮብለል በቀር መውጫ አላገኘችም። መጽሐፉ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፣ ፊደል ያልቈጠረውም ሰው ይህን ሰምቶ አዝኗል።

ለመሆኑ ደራሲው ሲጽፉ የነበረው ሕግ ምን ይል ነበር? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ ተጋቢዎቹ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይጸና ቢደነግግም፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቅዶ ነበር። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደግሞ ጠለፋን ይቀጣል፤ ነገር ግን የተጠለፈችው ሴት በፈቃዷ ጠላፊውን ካገባችው ክሱ ይቀራል። በጠላፊዋ ዘመዶችና በሽማግሎች መካከል የተቀመጠች ልጅ ምን ዓይነት ፈቃድ ትሰጣለች? ሕጉ ይህን አልጠየቀም።

በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አደረገው። ሐዲስ በኅዳር 1996 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ቀጣ፤ ጋብቻም ከቅጣት እንዳያድን ደነገገ። ሆኖም አስገድዶ መድፈርን ሲተረጕም «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ቃል ይዞ ወጣ። እንግዲህ ሰብለ ወንጌል ባትኮበልልና ለዚያ ሰው ብትዳር ኖሮ፣ በጫጉላ ቤት በግድ የሚደርስባትን ይህ አንቀጽ መድፈር ብሎ አይጠራውም ነበር።