በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና ሕዝብ ያልገባበት የሕግ ቤት

የአንድን አገር ሕግ የሚጽፈው ማነው? ለማንስ ጥቅም ይጽፈዋል? ከተጻፈ በኋላስ በማን ኃይል ይከበራል? እነዚህ ጥያቄዎች የሕግ ሊቃውንት ብቻ ተሰብስበው የሚከራከሩባቸው ጥያቄዎች አይደሉም። በወንጂ የሸንኮራ ማሳ ላቡን ያፈሰሰው ወዛደር፣ በአዳማ ገበያ ኩንታል ተሸክሞ የሚያድረው ሠራተኛ፣ በሶደሬ ፍል ውኃ ዙሪያ በአዋሽ ዳር ከብቱን ያሰማራው አርብቶ አደር በየዕለቱ ኑሮው የሚጋፈጣቸው ጥያቄዎች ናቸው። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለሚሻ ሁሉ፣ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ያረቀቁት የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ትልቅ ትምህርት ይሰጣል።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ በሰያ ደብር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሕዝብ የኢጣሊያን ወራሪ ጦር በዓድዋ ድል ሲመታ፣ ብላቴናው ተክለ ሐዋርያት ከራስ መኮንን ጦር ጋር በስፍራው ነበሩ። ከድሉ በኋላ ሌዎንቲየፍ ከተባለው የሩሲያ ሰው ጋር ወደ ሩሲያ ተሻግረው በዚያ አገር ለብዙ ዓመታት ተማሩ፤ በመድፈኛነትም ሠለጠኑ። በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተዘዋውረው ዕውቀት ገበዩ። እንግዲህ ዓድዋን በዓይኑ ያየ፣ የአውሮፓን መሣሪያ፣ ትምህርት ቤትና ፋብሪካ ደግሞ በቅርብ የመረመረ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ በልቡ የሚያስተጋባው ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ በጀግንነት የተጠበቀው ነፃነት በኋላ ቀርነት እንዳይጠፋ ምን ይደረግ?

ይህ ጥያቄ የእሳቸው ብቻ አልነበረም። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን የመሳሰሉ፣ ውጭ አገር ተምረው የተመለሱ ጥቂት ምሁራን ሁሉ የተጨነቁበት ነበር። እነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የተሰማሩት በጉምሩክ፣ በባቡር ሐዲድ፣ በንግድና በግምጃ ቤት ሥራ ስለነበረ፣ የአገሪቱ ሀብት ከየት ተነስቶ በማን እጅ እንደሚቀር ከመኳንንቱ ይልቅ አጥርተው ያውቁ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ ቡናና ቆዳ ወደ ውጭ፣ የአውሮፓ ሸቀጥ ወደ ውስጥ ይጎርፍ ጀመር። ገባሩ ግን በዚያው በገባርነቱ፣ ጭሰኛውም በዚያው በጭሰኝነቱ ቀረ።

ተክለ ሐዋርያት ይህን ቅራኔ መጀመሪያ የገለጹት በሥነ ጽሑፍ ነበር። የእንስሳት ተረቶችን መሠረት በማድረግ የጻፉት ፋቡላ የተባለው ኮሜዲ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ተብሎ ይቆጠራል። እንስሳት የሹማምንትን ብልሹ አስተዳደር የሚያጋልጡበት ይህ ቴአትር መኳንንቱን ስላስቆጣ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። የፊውዳሉ ሥርዓት በሳቅ መልክ የቀረበለትን ምክር እንኳ ለመስማት ትዕግሥት እንዳልነበረው ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በአስተዳደር ሥራም ተሰማርተዋል። በጅጅጋ፣ ኋላም በጨርጨር ገዢ ሆነው ሠሩ። ከአዳማ ተነስቶ በመተሐራና በአዋሽ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ወደ ጨርጨር ተራሮች ሲወጣ የሚያገኛት አሰበ ተፈሪ፣ የዛሬይቱ ጭሮ፣ በእሳቸው ዘመን የተቆረቆረች ከተማ ናት። ጨርጨር የቡና አገር ነው፤ ባቡሩም ከበታቹ በሚኤሶ ያልፋል። ተክለ ሐዋርያት ቡና፣ መንገድና ባቡር አንድ ላይ ሲገናኙ ምን ሊያስገኙ እንደሚችሉ ስለተገነዘቡ፣ ግዛቲቱን ለሌሎች አርአያ የምትሆን ለማድረግ ደከሙ። ነገር ግን የመሬቱ ባለቤትነት ባልተለወጠበት አገር የከተማ ፕላን ቢሰመርም፣ የሹም ሥራ በመዝገብ ቢያዝም፣ የገበሬው ጫንቃ ከቀንበር ሊላቀቅ አይችልም ነበር። የተክለ ሐዋርያት የሕይወት ዘመን ጥረት ጥንካሬውም ድክመቱም በጨርጨር በግልጽ ታየ፤ ሥርዓት ለማስያዝ ቻሉ፣ ሥርዓቱን ለመለወጥ ግን አልቻሉም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ተክለ ሐዋርያት የበጅሮንድነት ማዕረግና የገንዘብ ሚኒስትርነትን ሥራ ይዘው ነበር። ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቁ የታዘዙትም በዚሁ ጊዜ ነው። እንደ መነሻ የወሰዱት በ1889 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣውን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ጃፓን በአጭር ዘመን ከኋላ ቀርነት ወጥታ ከኃያላን ጎን የቆመች የእስያ አገር በመሆኗ፣ ለዚያ ዘመን ምሁራን የተስፋ ምልክት ነበረች። ሰባት ምዕራፎችና 55 አንቀጾች ያሉት ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ታወጀ። ለተሰበሰቡት መሳፍንትና መኳንንት ትርጉሙን አብራርተው የተናገሩትም ራሳቸው በጅሮንዱ ነበሩ። ምክር ቤቶቹ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ተከፈቱ።

የሰነዱን ይዘት በጥሞና መመርመር ተገቢ ነው። የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች የንጉሠ ነገሥቱን ሥልጣን የማይነካና የማይከሰስ አድርገው አጸኑ። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ፤ የሕግ መወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፣ የሕግ መምሪያው አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት ይመረጣሉ ተባለ። ሕዝቡ መቼ እንደሚበቃ፣ መብቃቱንስ ማን እንደሚመሰክር ግን በየትኛውም አንቀጽ አልተጻፈም። በአንጻሩ፣ የመጨረሻው አንቀጽ የመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ በዓመታዊ በጀት መሠረት ብቻ እንዲወጣ፣ በጀቱም የገንዘብ ሚኒስትሩ ባቀረበው ሐሳብ ላይ በምክር ቤቶቹ ተመክሮበት ለንጉሠ ነገሥቱ እንዲቀርብ ደነገገ። የመንግሥት ገንዘብና የንጉሡ ኪስ ባልተለዩበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የሒሳብ ሰው የሆኑት የበጅሮንዱ አሻራ ጎልቶ የሚታየው በዚህ አንቀጽ ላይ ነው።

ታዲያ ጃፓንን ያራመደው ሕግ ኢትዮጵያን ስለምን አላራመደም? መልሱ የሚገኘው ከሕጉ ቃላት ሳይሆን ሕጉ ካረፈበት መሬት ነው። በጃፓን የመሳፍንቱ ግዛቶች የፈረሱት በ1871፣ የመሬት ግብር የተለወጠው በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር፤ ሕገ መንግሥቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ግን የመሬቱ ሥርዓት እንደቆመ ጣሪያው ቀድሞ ተሠራ። ጃፓንም ብትሆን የሠርቶ አደሩ አገር አልነበረችም፤ በ1890 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ድምፅ የመስጠት መብት የነበራቸው ከፍ ያለ ግብር የሚከፍሉ ወንዶች ብቻ ስለነበሩ፣ ከሕዝቡ ከመቶ አንድ ያህሉን እንኳ በጭንቅ ይሞሉ ነበር። በሁለቱም አገሮች የሕግ ቤቱ በር የተከፈተው ለባለ መሬትና ለባለ ሀብት ነው።

የውጭ ጠላት ደግሞ ለሌላ ሙከራ ጊዜ አልሰጠም። ተክለ ሐዋርያት የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ አውሮፓ ተላኩ። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. በወልወል ግጭት ከተነሳ በኋላ፣ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው የፋሺስት ኢጣሊያን የወረራ ዝግጅት አጋለጡ። የዓለምን ሕግ እንጠብቃለን ይሉ የነበሩት ኃያላን መንግሥታት ግን ጥቅማቸውን አስቀደሙ። ኢጣሊያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረራዋን ጀመረች። በአገር ውስጥ ከላይ ወደ ታች የተሰጠ ሕግ ሕዝብን ባለ መብት እንዳላደረገ ሁሉ፣ ኃያላኑ የጻፉት ዓለም አቀፍ ሕግም ደካማውን አገር ከመርዝ ጋዝ አላዳነውም። ተክለ ሐዋርያት ወደ አገራቸው ተመልሰው በምሥራቁ ግንባር ለመከላከል ሞከሩ። ንጉሠ ነገሥቱ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አገር ለቀው ሲወጡ ስደቱን ተቃወሙ። በኋላም በጅቡቲና በዔደን በኩል ወጥተው ረጅሙን የስደት ዘመን በማዳጋስካር አሳለፉ።

ወደ አገራቸው የተመለሱት ከነፃነት በኋላ ብዙ ዓመታት ቆይተው ነው። ከዚያ በኋላ በጨርጨር፣ በሂርና፣ በእርሻ ሥራ ላይ ኖሩ። የሕግ ቤቱም በዚያ ዘመን መልኩን ለወጠ። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሕዝቡ የመምረጥ መብት ሰጠ፤ የመጀመሪያው ምርጫም በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ተካሄደ። ይሁን እንጂ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት ለመመረጥ በምርጫው ወረዳ ንብረት ያለው መሆን ግዴታ ነበር። በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት በጀመረው በወንጂ ፋብሪካ ሸንኮራ የሚቆርጠው ወዛደር፣ ለባለ ንብረቱ ድምፁን መስጠት ይችላል፤ ንብረት አልባ እስከሆነ ድረስ እሱ ራሱ ግን ሊወከልና ሕግ ሊያወጣ አይችልም። ማሳው ለፋብሪካው ሲሰጥ ከአዋሽ ዳር ግጦሹ የተነሳው ኦሮሞ አርብቶ አደርም ቅሬታውን የሚያሰማለት ወኪል አልነበረውም። በ1923 ዓ.ም. በማዕረግ የተዘጋው በር በ1948 ዓ.ም. በንብረት ተዘጋ።

ተክለ ሐዋርያት በጽሕፈታቸው የተወለደውን ምክር ቤት ፍጻሜ በሕይወት ሳሉ አዩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሲወርዱ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማውም ተበተነ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ፣ በጨርጨርም ሆነ በአዋሽ ሸለቆ ለዘመናት የቆየው የጭሰኛና የባላባት ግንኙነት ፈረሰ። በጅሮንዱ በ1969 ዓ.ም. በ90ዎቹ ዕድሜያቸው አረፉ።

ታሪክ ለእኚህ ሰው የሚሰጠው ፍርድ ሚዛናዊ መሆን አለበት። ለመሳፍንት የበላይነት የጸና የሕግ ሽፋን በመስጠታቸው ተጠያቂነት አለባቸው። ነገር ግን ንጉሥ በሕግ ይመራል፣ የግምጃ ቤት ገንዘብም በበጀት ይወጣል የሚለውን ሐሳብ በአገሪቱ ሰነድ ላይ በማስፈራቸው፣ ኋላ የመጣው ትውልድ ተነስቶ የጠየቀበትን ቋንቋ አበጅተዋል።

ከዚያ ወዲህ በ1980 እና በ1987 ዓ.ም. ሌሎች ሕገ መንግሥታት በሥራ ላይ ውለዋል። የቀበሌ አባላትና ሠራተኞች ከበጅሮንዱ ሕይወት የሚወስዱት ትምህርት የትኛውም ሰነድ ሲቀርብላቸው የሚያገለግል ነው። የአንቀጾቹን ማማር ከማድነቅ በፊት፣ ሕጉ በሚወጣበት ቤት ውስጥ የተቀመጠው ማን እንደሆነ፣ ወደዚያ ቤት ለመግባት ምን እንደሚጠየቅ፣ የበጀቱ መዝገብም ለማን ክፍት እንደሆነ መጠየቅ ይገባቸዋል። በስብሰባ አዳራሽ፣ በማኅበር ጉባኤና በቀበሌ ሸንጎ ይህን ጥያቄ የሚያነሳ ሕዝብ፣ መብቃቱን ሌላ እስኪመሰክርለት ድረስ አይጠብቅም።