ማረፊያ በሌለበት ሰማይ የበረሩት ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚያቀና አውሮፕላን የሰሜን ሸዋን ሰማይ ያቋርጣል። በግራው የጀማ ሸለቆ ምድሩን ሰንጥቆ ይታያል፤ በቀኙ ከአንኮበር እስከ ጣርማ በር የተዘረጋው ገደል ወደ ቆላው ቁልቁል ይወርዳል። በገደሉ ትከሻ ላይ ደግሞ የወፍ ዋሻ ደን በጥድ፣ በዝግባና በወይራ ተሸፍኖ ይገኛል። ሞተር ቢከዳ ሸለቆውም፣ ገደሉም፣ ደኑም አይራሩም። ለአብራሪው የሚቀርለት ተስፋ የደብረ ብርሃንና የመንዝ ደጋ፣ የገብስ ማሳውና የግጦሽ መስኩ ብቻ ነው።

በጣሊያን ወረራ ዘመን በአዲስ አበባና በሰሜኑ ግንባር መካከል በአየር መልእክት ካመላለሱት ጥቂት አብራሪዎች አንዱ አፍሪካ አሜሪካዊው ኮሎኔል ጆን ሮቢንሰን ነበሩ።

ሮቢንሰን በአሜሪካ ፍሎሪዳ ተወልደው በሚሲሲፒ አደጉ። በተስኪጊ ተቋም የመኪና ጥገና ተምረው ወደ ቺካጎ አቀኑ። የበረራ ትምህርት ቤቱ ጥቁር በመሆናቸው በሩን ሲዘጋባቸው፣ በዚያው ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው ትምህርቱን ከዳር ሆነው ተከታተሉ። ትጋታቸውን ያዩ ሰዎች በኋላ በተማሪነት ተቀበሏቸው። እርሳቸውም እንደ እርሳቸው በር ለተዘጋባቸው ጥቁር አብራሪዎች ማኅበር አቋቋሙ።

በአሜሪካ ሕክምና ይማሩ የነበሩት መላኩ በያን ባደረጉት ጥሪ በ1927 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጡ፤ ብዙም ሳይቆዩ የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆኑ። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አድዋን በቦምብ ሲደበድብ በዚያው ነበሩ። ጣሊያን በመቶዎች የሚቆጠሩ የጦር አውሮፕላኖች ሲያሰልፍ፣ በእርሳቸው እጅ የነበሩት ጥቂትና መሣሪያ ያልተገጠመላቸው ነበሩ። ስለዚህ ሥራቸው መዋጋት ሳይሆን መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ማድረስ ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር ወር ወደ ደሴ ከተሻገሩ በኋላ የዚህ የአየር መንገድ አስፈላጊነት ይበልጥ ጨመረ።

በዚያ ዘመን በመንገዱ ላይ እንደ ዛሬው በሬዲዮ የሚመራ ጣቢያ አልነበረም። አብራሪው ገና ሞተሩ ደኅና ሳለ፣ ቢከዳኝ የት እወርዳለሁ ብሎ ዓይኑን ከምድር ሳይነቅል መብረር ነበረበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 800 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ናት። በእንዲህ ያለ ስፍራ አየሩ ስለሚሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑም መሬት የሚነካው በበለጠ ፍጥነት ነው፤ ስለዚህ ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል።

ከጎጆ የሚወጣ ጭስ የነፋሱን አቅጣጫ ያሳያል፤ ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ማረፍም ፍጥነትን ይቀንሳል። የታረሰ ማሳ ላይ የሚወርድ ትልሙን ተከትሎ እንጂ አቋርጦ አይወርድም፤ ትልም ያቋረጠ ጎማ አውሮፕላኑን ይገለብጠዋልና። ተዳፋት ከሆነ ሽቅብ ማረፍ ይመረጣል። ከደን በቀር ሌላ ምርጫ ከጠፋ ደግሞ፣ ከግዙፍ ግንዶች ርቆ አጠር ጠቅጠቅ ያለውን ቁጥቋጦ መፈለግ፣ እስከ መጨረሻውም መሪውን ሳይለቁ በዝግታ መውረድ ነው። ጉም አንኮበርን ሲሸፍን ግን ይህ ሁሉ ዕውቀት ብቻውን አያድንም፤ አስቀድሞ መመለስን የመሰለ ብልሃት የለም።

ሮቢንሰን ከጠላት አውሮፕላኖች እያመለጡ፣ ቆስለውም እየበረሩ፣ አገሪቱ በጠላት እጅ ልትወድቅ እስከተቃረበችበት ጊዜ ቆዩ። በ1928 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሲመለሱ በኒው ዮርክና በቺካጎ በብዙ ሺህ ሕዝብ አቀባበል ተደረገላቸው። ከነጻነት በኋላ፣ በ1936 ዓ.ም. ዳግም ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ወጣቶችን በረራ አስተማሩ።

በመጋቢት 1946 ዓ.ም. ለሕክምና ርዳታ ሲበሩ አውሮፕላናቸው በአዲስ አበባ ወደቀች። አብሯቸው የነበረው መሐንዲስ ሕይወቱ አለፈ፤ እርሳቸውም በእሳት ክፉኛ ተቃጥለው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዐረፉ። በሰሜን ሸዋ ገደልና ደን ላይ ያልጣላቸው ሰማይ፣ በመጨረሻ ሌላውን ለማዳን በወጡበት መንገድ ወሰዳቸው። ሁለት ጊዜ መጥተው ያገለገሏት ምድርም በአዲስ አበባ አፈር ተቀበለቻቸው።