በራቸውን ለእንግዳ የከፈቱ ሐኪም

ዛሬ የምናስተዋውቃችሁ ሰው ዶክተር ጆን ማክሎክሊን ይባላሉ። ዓመቶቹን የጻፍንላችሁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ማክሎክሊን በ1784 ካናዳ ውስጥ፣ ኩቤክ በሚባለው አገር ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አንድ ሐኪም ዘንድ ገብተው ሕክምና ተማሩ፤ በ1803 የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ከዚያ በኋላ ግን ኑሯቸው ከቆዳ ነጋዴዎች ጋር ሆነ። የምን ቆዳ ትሉ ይሆናል። ቢቨር የሚባል ውሃ ውስጥ የሚዋኝ እንስሳ አለ። ያኔ አውሮፓ ውስጥ ጥሩ ባርኔጣ የሚሠራው ከቢቨር ፀጉር ስለነበር ቆዳው በጣም ይፈለግ ነበር።

ሃድሰን ቤይ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ በ1825 በኮሎምቢያ ወንዝ አጠገብ ፎርት ቫንኩቨር የሚባል ምሽግ ሠራ። ሹሙ ዶክተር ማክሎክሊን ነበሩ። ምሽጉ ዙሪያውን በረጃጅም ግንድ ታጥሯል፤ ዋናው ሥራው ግን ጦርነት ሳይሆን ንግድ ነው። የአገሩ ተወላጆች ቆዳ ያመጣሉ፣ በምትኩ ብርድ ልብስ፣ ዶቃና ድስት ይወስዳሉ። ውስጡ ዳቦ መጋገሪያ፣ የቀጥቃጭ ቤትና መጋዘን፣ ውጪው ደግሞ ሰፊ እርሻ ነበረው።

እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ከስኮትላንድ፣ ከካናዳ፣ ከሃዋይ ደሴቶችና ከብዙ የተወላጅ ነገዶች የመጡ ነበሩ። ታዲያ በምን ይግባቡ ነበር? ቺኑክ ዋዋ በሚባል የንግድ ቋንቋ ነዋ! ዶክተሩ በ1832 ለልጆቹ ትምህርት ቤት አስከፈቱ። ተማሪዎቹ ልክ እንደናንተ ቤታቸው አንድ ቋንቋ፣ ትምህርት ቤት ሌላ ቋንቋ ይናገሩ ነበር።

በ1840ዎቹ ብዙ አሜሪካውያን በሠረታና በእግር ወራት ተጉዘው ወደዚያ አገር መጡ። ሲደርሱ ስንቃቸው አልቋል፣ ክረምቱም ገብቷል። መሬቱ የእንግሊዝ ይሁን የአሜሪካ ገና አልተወሰነም ነበርና ኩባንያው እነዚህ ሰዎች እንዲበዙ አልፈለገም። ዶክተር ማክሎክሊን ግን የተራበ ሰው በራቸው ላይ ቆሞ እያዩ ዝም ማለት አልቻሉም። እህልና ዘር በዱቤ ሰጡ፣ የታመሙትንም አሳከሙ።

ይህ ብዙ አስከፈላቸው። ብዙዎቹ ዱቤውን ሳይከፍሉ ቀሩ፤ ኩባንያውም ተቆጣ። በ1846 ሥራቸውን ለቀው ኦሪገን ሲቲ ገቡ። በ1850 ደግሞ የአሜሪካ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ኦሪገን ሲቲ ያለው ርስታቸው ተወሰደባቸው። በ1857 አረፉ። መሬቱ ለቤተሰቦቻቸው የተመለሰው ከሞቱ ከአምስት ዓመት በኋላ በ1862 ነው። በ1957 የኦሪገን ምክር ቤት የኦሪገን አባት ብሎ ሰየማቸው።

ልጆች፣ አንድ ነገር አትርሱ። ያ አገር ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም። የቺኑክ ሕዝቦች ይኖሩበት ነበር። ከ1830 ጀምሮ ከውጭ የገባ የወባ በሽታ እጅግ ብዙዎቹን ጨረሰ፤ በኋላም መሬታቸውን አጡ። የአንድን ሰው ደግነት ስናደንቅ የእነርሱንም ታሪክ አብረን ማወቅ አለብን።

የጥንቱ ምሽግ በ1866 ተቃጥሎ አለቀ። በኋላ አጥኚዎች መሬቱን ቆፍረው የአጥሩን መሠረት አገኙ፤ ከ1966 ጀምሮም እዚያው ቦታ ላይ እንደገና ተሠራ። ከወላጆቻችሁ ጋር ብትሄዱ የግንዱን አጥር፣ የቀጥቃጩን ቤትና የቆዳውን መጋዘን ታያላችሁ። ቦታው ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ፣ ከፖርትላንድ ማዶ ነው፤ ካናዳ ያለው ቫንኩቨር እንዳይመስላችሁ!

እስቲ መልሱ፦
1. ምሽጉ ውስጥ ሰዎች የሚግባቡት በምን ቋንቋ ነበር?
2. ዶክተር ማክሎክሊን እንግዶችን በመርዳታቸው ምን አጡ?
3. እናንተ በእርሳቸው ቦታ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? በአምስት መስመር ጻፉና ለመምህራችሁ ስጡ።

ደህና ሰንብቱ!