ሕግን ቆሞ ማስረዳት፦ የፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሕይወት ከሕዝብ የሕግ ትምህርት አንጻር

በኮን ዙሪያ ባለው የዋድላ ደጋና በአጎራባቹ ላስታ፣ ዘመናዊ የሕግ ትምህርት ከመምጣቱ በፊት፣ ሕግ የሚለመደው በሁለት ቦታ ነበር። አንደኛው ጉባኤ ቤቱ ነው። ዋድላ አንድ የቅኔ ስልት በስሙ የሚጠራለት አገር እንደመሆኑ ተማሪ ከሩቅ ይመጣበታል፤ ቅኔውን አስመስክሮ ወደ መጻሕፍት ትርጓሜ የዘለቀ ሰው ደግሞ ፍትሐ ነገሥትን ከነአንድምታው ከመምህር አፍ ሊቀበል ይችላል። ሁለተኛው ችሎቱ ነው። ባለጉዳዮች በዛፍ ጥላ ሥር በተጠየቅ ሲሟገቱ፣ ዋስ ሲጠሩ፣ እሰጥ አገባ ሲገቡ፣ መንገደኛውም ጎረቤቱም ዙሪያውን ቆሞ ያዳምጥ ነበር፤ አንደበተ ርቱዕ ነገረ ፈጅ የሚወጣውም ከዚሁ ተመልካች መካከል ነው። ጉባኤ ቤቱ የሕግን መጽሐፍ፣ ችሎቱ የሙግትን ጥበብ አስተምረዋል። አዲስ ሕግ ሲወጣ ግን ነጋሪት ተጎስሞ አዋጁ ይነገራል እንጂ፣ ሕጉ ለምን እንደወጣና ምን ማለት እንደሆነ ለሰሚው የሚያስረዳ ሰው አይመደብም ነበር።

በ1923 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሆነው ነገር ከዚህ ልማድ የተለየ ነው። ሐምሌ 9 ቀን የተፈረመውን ሕገ መንግሥት ምክንያት በማድረግ የገንዘብ ሚኒስትሩ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በመሳፍንቱና በመኳንንቱ ጉባኤ ፊት ቆመው የሕጉን ፍሬ ነገር በሰፊ ንግግር አብራሩ። የአገሪቱ ዘመናዊ የሕግ ትምህርት ታሪክ በአብዛኛው የሚጀመረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ከተከፈተበት ከ1956 ዓ.ም. ነው። መምህር፣ ተማሪና የትምህርት ርእስ ያሉበት አንድ ጉባኤ ግን ከዚያ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ቀድሞ ተካሂዷል፤ መምህሩም አንድም ቀን የሕግ ተማሪ ሆነው አያውቁም።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ፣ ሳያደብር ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኮንን ቤት አደጉ፤ የዐድዋ ጦርነት ሲደረግ ዕድሜያቸው አሥራ ሁለት ሳይሞላ ከራስ መኮንን ሠራዊት ጋር ዘመቱ። ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየፍ በሚባለው ሩሲያዊ አማካይነት ወደ ሩሲያ ተሻግረው፣ በአንድ የመኮንን ቤተሰብ ውስጥ አድገው፣ በመድፈኛ ትምህርት ቤት ሠለጠኑ። ሙያቸው መድፍ ነበር። ይሁን እንጂ የኖሩበት ዘመንና አገር ሌላም ነገር አሳይቷቸዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1905 አብዮት ተነሥቶ፣ በማግሥቱ ዓመት ፍጹም ገዥ የነበረው ንጉሥ መሠረታዊ ሕግ ሰጥቶ ምክር ቤት ሲከፍት እርሳቸው ገና ሩሲያ ነበሩ። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ምንጭ ሲነሣ ጃፓን ብቻ መጠቀሷ ልክ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ንጉሥ በገዛ ፈቃዱ ሕግ ሲሰጥ፣ የሰጠውንም መልሶ ለማጥበብ ሲሞክር ምን እንደሚመስል አርቃቂው በወጣትነታቸው በቅርብ ሆነው ያዩት ነገር ነውና፣ ይህ ልምድ በሥራቸው ላይ ጥላውን አላሳረፈም ብሎ ማሰብ ያስቸግራል።

ወደ አገራቸው ሲመለሱ ምኒልክ ታመው ነበር፤ ለተማረ ሰው የሚሆን የሥራ ቦታም ጠባብ ነበር። እንደገና ወደ አውሮፓ ተሻግረው እርሻ ተማሩ። በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በወረዱበት እንቅስቃሴ ውስጥ ከተሳተፉት አንዱ ሆኑ፤ ቀጥሎም ጅጅጋን፣ ኋላ ደግሞ ጨርጨርን ገዙ። ጨርጨር በዘመኑ ለሌሎች ግዛቶች አርአያ እንዲሆን የታሰበ ጠቅላይ ግዛት ነበር፤ የአሰበ ተፈሪ ከተማ መቆርቆርም ከእርሳቸው አስተዳደር ጋር የተያያዘ ነው።

ስለ አስረጂነታቸው ከእነዚህ ሹመቶች ሁሉ ይልቅ የሚናገረው ግን አንድ ተውኔት ነው። ከአውሮፓ ሲመለሱ ቴአትር የሚባለው ጥበብ በአገሩ አለመኖሩን አይተው፣ ከላ ፎንቴን ተረቶች በመነሣት ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ የተባለውን ሥራ ጻፉ፤ በአማርኛ የተጻፈ የመጀመሪያው ተውኔት እርሱ ነው። እንስሳቱ የሚናገሩት ስለ ጉቦ፣ ስለ ሹመትና ስለ ተበላሸ አስተዳደር ነበር። ተመልካቹ ሹማምንቱ ራሳቸው ነበሩና ትምህርቱ ገባቸው፤ ስለገባቸውም ሥራው ታገደ። ከዚህ ሁለት ነገር ይታያል። ተክለ ሐዋርያት የመንግሥትን ነገር ለማስረዳት የመረጡት መንገድ ከመጽሐፍ ይልቅ በአድማጭ ፊት የሚነገር ቃል መሆኑ አንዱ ነው። ሁለተኛው፣ የማስረዳቱ ዕድል በማን ፈቃድ እንደሚሰጥና እንደሚነሣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት በራሳቸው ላይ ደርሶ ያወቁት መሆኑ ነው።

ሕገ መንግሥቱ ሰባት ምዕራፎችና 55 አንቀጾች ነበሩት። አብነቱ እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ሲሆን እርሱም ሰባት ምዕራፎች፣ አንቀጾቹ ግን 76 ናቸው። በረቂቁ ላይ በተደረገው ምክክር ዋናው ጭቅጭቅ የመሳፍንቱ የግዛት ውርስ ነበር፤ መሳፍንቱ ርስተ ገዥነታቸው በሕግ እንዲጸናላቸው ሲፈልጉ፣ የጸናው ግን የዘውዱ ውርስ ብቻ ሆነ። ሦስተኛው አንቀጽ ዙፋኑን ከሣህለ ሥላሴ ዘር ለሚወርደው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትውልድ ለዘለቄታው ወሰነ። ይህ አንቀጽ በላስታ ጆሮ ምን ድምፅ እንደሚኖረው ማሰብ ተገቢ ነው። ላስታ የዛጉዌ ነገሥታት መቀመጫ የነበረች አገር ናት፤ ከዋግና ከላስታ ወገን የተነሡት ዋግሹም ጎበዜም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። የነገሡበት ዘመን ሲያበቃና ሕጉ ሲወጣ መካከል ያለው ጊዜ ስድሳ ዓመት ነው፤ በሕይወት ያሉ ሽማግሌዎች የሚያስታውሱት ዘመን ማለት ነው። አንድ አንቀጽ ይህን ሁሉ በር ሲዘጋ ዘጊው ጦር አልነበረም፤ ቀለም ነበር። እንዲህ ያለ ሕግ ከማንም በላይ ማብራሪያ ያስፈልገው የነበረው ለክፍለ አገሩ ሰው ነበር።

ሕጉ ለተራው ባለጉዳይም የሚሆን ነገር ነበረው። ሰው ያለ ሕግ እንዳይያዝና እንዳይቀጣ፣ ጉዳዩን ሊያይ ከሚገባው ዳኛ ፊት የመቅረብ መብቱን እንዳይነፈግ፣ ቤቱ ያለ ሕግ እንዳይበረበር፣ ንብረቱ እንዳይወሰድበት፣ አቤቱታውንም ለመንግሥት እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። ለነገረ ፈጅና ለዳኛ ይህ ከፍትሐ ነገሥቱ አንቀጽ የተለየ የሙግት መሣሪያ ነው፤ ምክንያቱም መብቱ የሚጠቀሰው በሹሙም ላይ ነው። መብቶቹ ግን በየአንቀጹ ሕጉ ከደነገገው ውጭ በሚል ገደብ የታጠሩ ነበሩ፤ ስለዚህ ያንን ሌላ ሕግ የማያውቅ ሰው የመብቱን ልክም ሊያውቅ አይችልም።

የሕጉን ውስጣዊ ችግር ከሁሉ ይበልጥ የሚገልጠው ስለ ሕግ መምሪያ ምክር ቤት የተደነገገው ነው። የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላትን ንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ፤ የመምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጣሉ ይላል። ድንጋጌው የሕዝቡን መብት በሕዝቡ መብቃት ላይ አንጠለጠለው። የሚያበቃው ማን ነው? በምን ትምህርት፣ በየትኛው ቋንቋ፣ በማን ወጪ? በ55ቱ አንቀጾች ውስጥ ለዚህ መልስ የለም። ለዳኛም ሆነ ለጠበቃ የሚሆን የሕግ ትምህርት ቤት በአገሩ አልነበረም፤ ማብራሪያው የተሰጠውም አስቀድመው መራጭና ተመራጭ ለሆኑት ሰዎች ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የተክለ ሐዋርያት ንግግር ታላቅነቱም ጉድለቱም ከአንድ ቦታ ይነሣል፤ ሕግ መብራራት እንዳለበት መንግሥት በአደባባይ አምኖበታል፤ የማብራራቱ ሥራ ግን በዚያው ጉባኤ ተጀምሮ በዚያው ተቋጨ። ምክር ቤቱ በጥቅምት 1924 ዓ.ም. ሲከፈት ከዋድላ ወይም ከላስታ ገበያተኛ መካከል ድምፅ እንዲሰጥ የተጠራ አልነበረም።

ተክለ ሐዋርያት ከዚህ በኋላ ሕግ የማስረዳቱን ሥራ የቀጠሉት በሌላ አድማጭ ፊት ነው። በኅዳር 1927 ዓ.ም. የወልወል ግጭት ሲነሣ ኢትዮጵያን በመወከል ጄኔቭ ላይ ነበሩ። መንግሥታቸው ክሱን በመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን፣ በመጀመሪያ በ11ኛው ቀጥሎም በ15ኛው አንቀጽ መሠረት አቀረበ። የሙግቱ መልክ ለኢትዮጵያዊ እንግዳ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከሳሽ አለ፣ ተከሳሽ አለ፣ ዳኛ የሚሆኑ ሸንጎዎች ተቀምጠዋል። ልዩነቱ ዳኞቹ ከተከሳሹ ጋር ሌላ ጉዳይ የነበራቸው መሆኑ ነው። በዚህ ሙግት የኢትዮጵያ የሕግ አማካሪና ጠበቃ የነበሩት በፓሪስ የሕግ ፋኩልቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ጋስቶን ዤዝ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 መጀመሪያ ዤዝ ወደ ክፍላቸው ገብተው ለማስተማር ሲሞክሩ፣ ለኢትዮጵያ መቆማቸውን የተቃወሙ ቀኝ ዘመም ተማሪዎች በጩኸትና በሁከት ትምህርቱን አስተጓጎሉት። ሕግ ማስተማር በአዲስ አበባ በሰሚ እጦት ሲቋረጥ፣ በፓሪስ ሰሚዎቹ ራሳቸው አቋረጡት።

ጣሊያን መስከረም 1928 ዓ.ም. ወረራውን ጀመረ። ተክለ ሐዋርያት ከጄኔቭ ተመለሱ፤ ንጉሠ ነገሥቱ አገር ለቀው እንዳይወጡ ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ኋላ ራሳቸውም ወደ ጂቡቲ ወጥተው በመጨረሻ ማዳጋስካር ደረሱ፤ ነጻነት ከተመለሰ በኋላም በስደት ለረጅም ዓመታት ቆዩ። ከተመለሱ በኋላ የመንግሥት ሰው አልሆኑም፤ በሐረርጌ፣ ሂርና አካባቢ እርሻቸውን ያዙ።

በእነዚያ ዓመታት የአገሪቱ ሕግ ከሥር ተለወጠ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የ1923ቱን ተክቶ ሕዝቡ የምክር ቤት እንደራሴዎቹን በቀጥታ እንዲመርጥ ደነገገ። ቀጥሎም የወንጀለኛ መቅጫው፣ የፍትሐ ብሔሩ፣ የንግዱና የሥነ ሥርዓቱ ሕጎች በዐሥር ዓመት ውስጥ ተከታትለው ወጡ። አብዛኞቹን ያረቀቁት የውጭ አገር ሊቃውንት ሲሆኑ፣ በችሎት ሊሠሩባቸው የሚገባቸው ዳኞችና ጠበቆች ግን በልምድ የገቡ ነበሩ። የሕግ ፋኩልቲው በ1956 ዓ.ም. ሲከፈት ከመደበኛው ትምህርት ጎን ለጎን በሥራ ላይ ላሉ ዳኞች፣ ለፖሊሶችና ለሌሎች የመንግሥት ሠራተኞች የማታ ትምህርት የሰጠው ለዚህ ነው። ቀን በችሎት የሚውለው ሰው ማታ ደብተር ይዞ ይቀመጥ ነበር። ይህ ክፍል የ1923ቱ ሕግ ስለ ሕዝቡ መብቃት ያነሣውንና ሳይመልሰው የተወውን ጥያቄ በተግባር ለመመለስ ከተሞከሩት ሥራዎች አንዱ ነው፤ የመክፈቻው ርቀትም ከንግግሩ አንድ ትውልድ ነው። አዲስ አበባ ላይ የማታ ክፍሉ ሲጀመር በኮንና በላሊበላ ባለጉዳዩ አሁንም ሕግ የሚማረው በችሎቱ ዙሪያ ቆሞ ነበር።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት አርአያ በተባለው ልብ ወለዱ ከውጭ አገር ተምሮ የተመለሰን ወጣት ታሪክ ጽፏል፤ አባቱ ካለፉበት ሕይወት ጋር የሚቀራረብ ርእስ ነው። አባትየው ደግሞ የራሳቸውን ታሪክ በእጃቸው ጽፈው አቆዩ።

ተክለ ሐዋርያት በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አረፉ። ያረቀቁት ሕገ መንግሥት በሌላ ከተተካ ሃያ አንድ ዓመት አልፎት ነበር፤ የተካው ሕገ መንግሥትም ዘውዱ ሲወርድ መስከረም 1967 ዓ.ም. ታግዶ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። በእጃቸው የጻፉት የሕይወት ታሪክ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ የታተመው በ1998 ዓ.ም. ነው።